አመሉም አብሮ ይነገር

ከ8ኛ ክፍል ተማሪዎች

ናይሮቢ ውስጥ በእግሩ የሚሄድ ሰው በየግቢው በር ላይ «ምብዋ ካሊ» የሚል ጽሑፍ ያነባል። በስዋሂሊ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ማለት ነው። ውሻ የሌላቸው ግቢዎች እንኳ ሌባ ለማስፈራራት ይለጥፉታል። «ፓካ ካሊ» ብሎ ስለ ኃይለኛ ድመት የሚያስጠነቅቅ በር ግን እስካሁን አላየንም። ሰው የውሻውን አመል ለአላፊ አግዳሚው ሲያውጅ የድመቱን ይደብቃል፤ በተለይ ድመቱን ለሌላ ሰው ሊሰጥ ሲያስብ። አመለኛ ድመትን ወደሚስማማው ቤት ማዛወር ተገቢ ነው ብለን እናምናለን። አመሉን ደብቆ ማዛወር ግን ነውር ነው።

ነገሩን ያስነሳብን ውሮ ነው። በትምህርት ቤታችን ውሮን የማያውቅ የለም፤ የጥፍሩ ምልክት የሌለበትም ጥቂት ነው። የመጣው ለአይጥ ነበር። ከአገር ቤት በሞያሌ በኩል የሚመጣው ጤፍና በርበሬ የሚቀመጥበትን ዕቃ ቤት አይጥ ሲያስቸግር፣ የወጥ ቤት ሠራተኞቻችን ይህን ግራጫ ወንድ ድመት ከአንድ ሰው ተቀብለው አመጡት። ሰውየው ሲሰጣቸው «በጣም ጨዋ ነው፣ ልጆች ይወዳል» ብሏቸው ነበር። ጨዋነቱ ሁለት ቀን አልሞላም። አይጡን ግን በሦስት ሳምንት አጸዳው፤ ይህን ውለታ ማንም ሊክድበት አይገባም።

ከዚያ በኋላ ከውሮ ጋር መኖር የራሱ ሥርዓት ነበረው። ዘበኛችን ያለ ቦት ጫማ ወደ ዕቃ ቤቱ አይገባም። ከወጥ ቤት እናቶች አንዷ ምግቡን የምትሰጠው ሳህኑን በመጥረጊያ እንጨት እየገፋች ነው። ትንንሾቹ ተማሪዎች ደግሞ ወገቡን ይዘው ሊያነሱት ይሞክራሉ፣ ከምሳቸውም ወጥ የነካው እንጀራ ይወረውሩለታል። (ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ደም እንደሚጎዱ እዚህ ላይ እንናገር፤ በየቤታችሁ ይህን የምታደርጉ ብዙ ናችሁ።)

የተነከሰ ሁሉ «ሳላስበው ነከሰኝ» ይላል። እኛ ግን በእረፍት ሰዓት እየተቀመጥን ስንከታተለው፣ ውሮ ሳያስጠነቅቅ ሲነክስ አላየንም። ራሱ መጥቶ ጭንቅላቱን በሰው እግር ላይ ያሻል። ልጁ ይደባብሰዋል፤ ሦስት አራት ጊዜ ዝም ይላል። ከዚያ የጅራቱ ጫፍ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ቀጥሎ ጅራቱ በሙሉ ግራና ቀኝ ይማታል፣ የጀርባው ቆዳ ይርገበገባል፣ ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ይተኛሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ልጁ ዞሮ ከጓደኛው ጋር ያወራል። ውሻ ጅራቱን ሲቆላ ደስ ብሎት ነው እየተባልን ስላደግን የድመትም እንደዚያው ይመስለናል። የውሮ ጅራት ሲማታ ግን «በቃኝ» ማለቱ ነው፤ እጅን መሰብሰብ ያለብን ያኔ ነው።

በጥር ወር አንዲት የ2ኛ ክፍል ልጅ እጇ ላይ ተነከሰች። ቁስሉ ሁለት ትንንሽ ነጥብ ብቻ ነበር። የድመት ጥርስ ቀጭን ስለሆነ ከላይ ትንሽ ይመስላል እንጂ ጠልቆ ይገባል፤ በአፉ ያለውንም ጀርም ይዞ ይገባል። መምህራችን ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥበው ወደ ክሊኒክ ወሰዷት። ከዚያ የክትባት ወረቀቱ ሲፈለግ ለካ ድመቱ ወረቀት የለውም። ኬንያ ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፈውን የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 2030 ለማጥፋት አቅዳ የምትሠራ አገር ናት፤ በሽታው ዛሬም አለ፣ ድመትም ሊያስተላልፈው ይችላል። ስለዚህ ልጅቷ መከላከያውን በተከታታይ ተወጋች። ውሮም 10 ቀን ተዘግቶበት ጤንነቱ ታየ፤ ደህና ሆኖ ወጣ። «በጣም ጨዋ ነው» የተባለችው አንዲት ቃል ያመጣችው ጣጣ ይህን ያህል ነው።

በወላጆች ስብሰባ ላይ ቁጣ ነበር፤ ቁጣውም ተገቢ ነው። የቀረቡት ሐሳቦች ግን አሳዘኑን። አንዱ የአይጥ መርዝ ይሰጠው አሉ። ሌላው በማዳበሪያ ከረጢት ተከቶ ሩቅ ገበያ ይጣል አሉ። ሦስተኛው በጣም ቀላሉ ነበር፤ «ለሆነ ሰው እንስጠውና እንገላገል፣ መንከሱን ማን ይነግረዋል?» ከእኛም መካከል «የትም አይሄድም፣ የእኛ ነው» ብለው ያለቀሱ ነበሩ። የእነሱንም ሐሳብ አልደገፍንም። 6 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች በሚሯሯጡበት ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለ ድመት ማቆየት ለልጆቹም ለድመቱም ጭካኔ ነው።

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለውም ተረት በስብሰባው ተነሥቷል። ተረቱ የተነገረው ስለ ሰው መሆኑን እናውቃለን፤ ስለ ድመት ከተወሰደ ግን ግማሽ እውነት ነው። የድመት ልጅ ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንቷ ድረስ የሰው እጅ ካልለመደች፣ ካደገች በኋላ ሰው ማመን በጣም ይከብዳታል። ስለዚህ አመል የምንለው ብዙ ጊዜ ፍርሃት ነው። አንዳንዴም ሕመም ነው፤ ድመት ሕመሟን ትደብቃለች፣ ሲነኳት ግን ትቆጣለች። ገንዘብ አዋጥተን ውሮን ለእንስሳት ሐኪም ስናሳየው አንድ የበሰበሰ ጥርስና ያበጠ ድድ ተገኘበት። ጥርሱ ተነቀለ፣ ተኮላሸ፣ ተከተበ። ከዚያ ወዲህ አላፊ አግዳሚውን ማባረር ተወ። ሊያቅፈው የሞከረውን መንከስ ግን አልተወም፤ በዚህ በኩል ተረቱ ረትቶናል።

ታዲያ የት ይሂድ? በናይሮቢ የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር አለ፤ ድመት ተቀብሎ ቤት ይፈልጋል። እኛ ግን ሰው እንዲያቅፈው የማይጠበቅበት ቦታ ይኖራል ብለን ጠየቅን። ለትምህርት ቤታችን ወተት የሚያመጣልን የሊሙሩ ገበሬ የበቆሎ ጎተራ እንዳለውና አይጥ እንዳስመረረው ነገረን። ያን ዕለት ሁሉን ዘረዘርንለት፤ ልጅ እንደነከሰ፣ መቼና ለምን እንደሚነክስ፣ ጅራቱ እንዴት እንደሚናገር፣ የትኛው ጥርሱ እንደተነቀለ። የክትባት ወረቀቱንም ሰጠነው። አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህን ከሰማ አይወስደውም» ብለው እጃችንን ይቆነጥጡን ነበር። ሰውየው ግን ሳቀና «እኔ የምፈልገው የሚይዝ ድመት ነው፣ የሚታቀፍ አይደለም» አለ።

ድመት ቦታ እንጂ ሰው አይለምድም ይባላል፤ ቶሎ ከተለቀቀ ወደ ድሮው ቤቱ ሊመለስ ሲሄድ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሦስት ሳምንት በጎተራው ውስጥ ተዘግቶ ምግብና ውሃ እንዲሰጠው፣ የሚተኛበትም የእኛው ዕቃ ቤት አሮጌ ጆንያ እንዲሆን ተስማማን። የራሱን ሽታ ሲያገኝ ይረጋጋል። አሁን ተለቋል፣ ቀን በቆሎው ላይ ይተኛል፣ ማታ ይሠራል። ገበሬው ወተት ባመጣ ቁጥር ወሬውን ይነግረናል።

ዕቃ ቤታችን እንደገና አይጥ ጀምሮታል። ከወላጆች ሁለት ሰዎች ድመት እንስጣችሁ ብለዋል፤ እኛም ለሁለቱም አንድ ጥያቄ ልከናል፤ ሲያነሱት ምን ያደርጋል?