የጀማሪ መምህር ደጅ ጥናት

የመስቀል በዓል በጉራጌ አገር ምን ያህል የመገናኛ ጊዜ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ለንግድና ለሥራ በየከተማው የተበተነው ልጅ ሁሉ ወደ ወላጆቹ ቤት ይገባል፤ ደመራው ይበራል፤ ክትፎው ይቀርባል፤ ሽማግሌዎችም ይመርቃሉ። በዚህ ሁሉ ደስታ መካከል ግን አንገቱን ደፍቶ የሚቀመጥ ወጣት በብዙ ቤት አይጠፋም። ይህም መምህር ለመሆን ተምሮና ተመርቆ ሥራ ያላገኘው ልጅ ነው። አጎቱ ከአዲስ አበባ መጥቶ «ልጄ፣ የት ተቀጠርህ?» ሲለው የሚመልሰው ቃል ያጣል። ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም ስለ ሆነ፣ መስቀል ሲደርስ ደብዳቤ ያልደረሰው መምህር ዓመቱ ሁሉ ያመለጠው ይመስለዋል። በዚህ ወር ስለዚህ ወጣትና ስለ ወላጆቹ ጥቂት እንነጋገራለን።

ባለፈው ዓመት ከመስቀል በኋላ፣ በቡታጅራ አካባቢ የሚኖሩ አንድ አባት ከቅዳሴ ስንወጣ ጠብቀው ገለል አደረጉን። «መምህር፣ ምክር ፈልጌ ነው» አሉን። «ልጄ ከተመረቀ ዓመት ሊሞላው ነው። አንድ ሰው ስሙን ከሚቀጠሩት መካከል አስገባለታለሁ፤ ነገር ግን እጅ መንሻ ያስፈልጋል ብሎኛል። ካሉኝ ሁለት በሬዎች አንዱን ልሽጥ ወይ?»

እኛም «አባቴ፣ አይሽጡ» አልናቸው። እርሳቸው ግን «ሌላው ከፍሎ ሲገባ የኔ ልጅ ደጅ ይቅር ነው የሚሉኝ?» ሲሉ መለሱልን። ይህ የክፉ ሰው ጥያቄ አይደለም፤ የተጨነቀ አባት ጥያቄ ነው። ስለዚህ በተግሣጽ ብቻ የሚታለፍ አይደለም።

በቀድሞው ጊዜ መምህርነት የተማረ ሰው ብዙውን ጊዜ በመንግሥት ምደባ ይላክ ነበር። ዛሬ ግን ተመራቂው በዝቷል፤ ወልቂጤ እንኳ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ሆናለች። ጥቂት ቦታ ሲገኝ ብዙ ሰው ይወዳደራል፤ ብዙ ሰው በሚጋፋበት ደጅም ደላላ አይጠፋም። «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» የተባለው ተረትም እውነት መስሎ የሚታየው በእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ይሁን እንጂ የበሬው ዋጋ ከማን ላይ እንደሚመለስ እናስብ። የጀማሪ መምህር ደመወዝ ትንሽ ነው፤ ከቤት ኪራይና ከቀለብ ተርፎ በቶሎ ዕዳ የሚከፍል አይደለም። ስለዚህ ከፍሎ የገባው ሰው የከፈለውን ከተማሪው ሊፈልግ፣ ነጥብም ሊሸጥ ይፈተናል። ያን ባያደርግ እንኳ በፈተና ጊዜ የሚኮርጀውን ልጅ በምን አፉ ይገሥጸዋል? ጌታችን በወንጌል በበሩ ስለሚገባው እረኛና በሌላ በኩል ስለሚገባው ያስተማረንን መምህር የሆነ ሁሉ ለራሱ ሊያነበው ይገባል።

ደግሞም የሚሸጠው ቦታ የማን ነው? በ1950ዎቹ ዓመታት የጉራጌ ተወላጆች ከትንሹ እስከ ትልቁ ከላባቸው አዋጥተው፣ የመንገድ ሥራ ድርጅት አቁመው፣ በአገራቸው መንገድ አውጥተዋል፤ ለትምህርት ቤትም ገንዘባቸውን ሰጥተዋል። አያት ያለ ዋጋ የሰጠውን የልጅ ልጅ በጉቦ ሲገዛው ከማየት የሚበልጥ ምን ኀዘን አለ?

እኛም ይህን ስንል ከፈተናው ውጭ ሆነን አይደለም። ከሃያ ዓመት በፊት ምደባ ስንጠብቅ አንድ ሰው «ጥቂት ብትጨምር ከከተማ ሳትርቅ ትመደባለህ» ብሎን ነበር። እኛም አልሰጠንም፤ ነገር ግን በጽድቃችን አልነበረም፤ የምንሰጠው ስላልነበረን ነው። ደብዳቤው ሲመጣ ከመኪና ወርዶ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ወደሚያስኬድ ትምህርት ቤት ሄድን። የመጀመሪያው ደመወዝ እስኪደርስም የአጥቢያው ቄስ ከቤታቸው አበሉን። ያ ቦታ መምህር አደረገን። ዛሬ የቀድሞ ተማሪዎቻችንን በመንገድ ስናገኝ ቀና ብለን የምናያቸው፣ ያ ድህነታችን ስለ ጠበቀን ነው።

እንግዲህ ሥራ ለምትፈልገው ወጣት እንዲህ እንልሃለን። የቅጥር ማስታወቂያ የሚቆየው ለጥቂት ቀን ነውና የወረዳህንና የአጎራባች ወረዳዎችን የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ አዘውትረህ ተመልከት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚያገኝ ሁሉ የመውጫ ፈተና ማለፍ ስላለበት፣ የእርሱን ውጤት ከሌላው ማስረጃህ ጋር አዘጋጅተህ፣ ዋናውንም ግልባጩንም ይዘህ ሂድ። ወልቂጤንና ቡታጅራን ብቻ አትመኝ፤ ገጠሩም ልጅ አለው። በግል ትምህርት ቤት ብትወዳደር በክፍል ቆመህ እንድታስተምር ልትጠየቅ ትችላለህና አንድ ትምህርት አስቀድመህ ተዘጋጅ። በደል ቢደርስብህ አቤቱታህን በጽሑፍ አቅርብ፤ ግልባጩንም አስቀር። የተቀጠርክ እንደ ሆነ መነሻ ማዕርግህ «ጀማሪ መምህር» ነው፤ ከዚያ በኋላ መለስተኛ፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር እየተባለ ደረጃው ይቀጥላል። መጀመሪያውን ደረጃ የናቀ ከፍተኛውን አያይም።

እስከዚያው ግን እጅህን አጣምረህ አትቀመጥ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል፤ ማስተማርንም የሚማረው በዚያው ነው፤ የቅጥር ደብዳቤ አይጠብቅም። አንተም በሰንበት ትምህርት ቤት፣ በጎረቤትም ልጆች መካከል ጀምር። በሱቅ መሥራትም ነውር አይደለም፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ አስተምሯል።

እናንተም ወላጆች፣ መምህሩን ልጃችሁን ከነጋዴው ወንድሙ ጋር በበዓል ማዕድ ፊት አታወዳድሩት። ለበሬ ሽያጭ ያሰባችሁትን ልብ ወደ መሳፈሪያና ወደ ግልባጭ ወጪ መልሱት፤ ማስታወቂያ ወደ ወጣበት ወረዳ የሚሄደው በእናንተ ብር ነውና። ማታ ሲመለስም «ምን አገኘህ?» ከማለት አስቀድማችሁ «እራት ብላ» በሉት።

የእኒያ አባት ነገር ምን ሆነ የምትሉ እንደ ሆነ፣ በሬው አልተሸጠም፤ ዘንድሮም አርሷል። ልጁ ቋሚ ሥራ ገና አላገኘም። ነገር ግን በየቅዳሜው በአጥቢያው ሕፃናትን ፊደል ያስቆጥራል፤ ሕፃናቱም ከሩቅ ሲያዩት «መምህር መጣ» ይላሉ። አባቱ ይህን ሲነግሩን ፈገግ ብለው ነበር።

በእውነት ደጅ ለሚጠኑት ልጆቻችን እግዚአብሔር በሩን ይክፈትላቸው፤ ለወላጆቻቸውም ትዕግሥቱን ይስጥልን፤ አሜን።