‹‹ፎርማት ካልተደረገ አይድንም አሉኝ፤ ምን ይሻለኛል?››

በዚህ ዓምድ ስለ ትዳር፣ ስለ አማት፣ ስለ ጨጓራና ስለ ቤት ኪራይ ስንጨዋወት ከርመናል። የዛሬው ደብዳቤ ስለ ላፕቶፕ ነው። ‹‹ደግሞ ይሄ ከምክር ዓምድ ጋር ምን አገናኘው?›› የምትሉ አትጠፉም። እስቲ አንብቡትና ፍረዱ። ከመቀሌ ነው የተላከው፤ ትንሽ ከማሳጠሬ በቀር አልነካሁትም።

‹‹በመቀሌ ሰሜን ክፍለ ከተማ የምኖር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። ላፕቶፔ አሮጌ ናት፤ በ2008 ዓ.ም. ነው የተገዛችው። በጦርነቱ ጊዜ መብራት በሌለበት በነጠላ ተጠቅልላ ቁም ሣጥን ውስጥ ከረመች። ባትሪዋ ሞቷል፤ ካልተሰካች አትሠራም። ባለፈው ሰሞን ታናሽ ወንድሜ ‹ይህቺ ነገር አፕዴት ያስፈልጋታል› ብሎ ኢንተርኔት አገናኝቶ አስጀመራት። 60 ፐርሰንት ላይ ስትደርስ መብራት ሄደ። ሲመጣ ከፈትናት፤ ‹ለውጦቹን እየመለስኩ ነው፤ አታጥፉኝ› የሚል ጽሑፍ ታወጣለች፣ ትዞራለች፣ ትጠፋለች፣ እንደገና ከዚያው ትጀምራለች። ሁለት ቀን ሙሉ እንዲህ ሆነች። ባለሙያ ጋ ብንወስዳት ‹ፎርማት ነው የሚያስፈልጋት፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ውስጧ ያለው ግን ይጠፋል› አለን። ውስጧ በ2014 ዓ.ም. ያረፉት የአባቴ ፎቶግራፍና ድምፅ አለ። ሌላ ቦታ የለኝም፤ የድሮው ስልኬም በዚያው በጦርነቱ ጊዜ ጠፍቷል። ወንድሜ ‹በእኔ ምክንያት ነው› ብሎ ምግብ አልበላም ብሏል። ላስደርጋት ወይስ ልተዋት?››

ስልክ ቁጥሯን ጽፋ ስለነበር ደብዳቤው በደረሰኝ ምሽት ደወልኩላት። ሰላምታውን እንኳ ሳላስረዝም ያልኳት ይህንን ነው፤ እህቴ፣ አታስደርጊያት። ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል። ላፕቶፗን ከባለሙያው ቤት አምጪያትና ሳትሰኪያት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አፕዴት ሲደረግ የሚነካካው ዊንዶውስ የሚባለው ፎልደር ነው። የሰው ንብረት፣ ማለትም ፎቶው፣ ድምፁ፣ የተማሪው ማርክ፣ የሚቀመጠው ዩዘርስ በሚባል ሌላ ፎልደር ውስጥ ነው። ጣራ እየተቀየረ ሳለ አናጺው ጥሎ ቢሄድ ቤቱ አይኖርበትም እንጂ ጓዳ ያለው ሣጥን የትም አይሄድም። ላፕቶፗ አልከፍትም አለች ማለት አባትየው ጠፉ ማለት አይደለም። ፎርማት ማለት ግን ጣራው ስላልተገጠመ ቤቱን ከነሣጥኑ ማፍረስ ነው።

አይ የእኛ ነገር! ፎርማት እንደ አሞክሳሲሊን ሆኖልናል። ጉንፋን ቢሆን እሱ፣ ወለምታ ቢሆን እሱ። ባለሙያውን ብቻ ግን አልወቅስም። ደንበኛው ለግማሽ ሰዓቱ ፎርማት ሳያጉረመርም ይከፍላል፤ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብሎ ፋይል ላወጣለት ልጅ ግን ‹‹ለዚህ ነው ይሄን ያህል?›› ይላል። ስለዚህ ባለሙያ ጋ ስትሄዱ ‹‹አስተካክልልኝ›› አትበሉ። ‹‹መጀመሪያ ዳታዬን አውጣልኝ፤ ለእሱ ለብቻው እከፍላለሁ›› በሉ። ያኔ ነገሩ ይለወጣል።

ቀጥሎ ስልኩን ለወንድምየው አሰጠሁ። ልጁ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ‹‹ሃርድ ዲስኩ ሲነሳ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አለው ወይ?›› ስለው ‹‹የለም፣ እንደ ድሮው ነው›› አለኝ። ተመስገን ነው። ይህን የጠየቅሁበት ምክንያት አለኝ። በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ አፕዴት ሲከሽፍ አንዳንዴ ጥፋቱ የአፕዴቱ ሳይሆን እየሞተ ያለው የሃርድ ዲስክ ነው። ቀጭ ቀጭ ካለ ደግሞ በተከፈተ ቁጥር እየባሰበት ስለሚሄድ ምንም ዓይነት ጥገና ሳይሞከር ወዲያው ማጥፋትና ፋይል ማውጣት ለሚችል ሰው ብቻ መስጠት ነው። ባይልም ቅደም ተከተሉ አይቀየርም፤ ኮፒው ይቀድማል፣ ጥገናው ይከተላል።

ዊንዶውስ ሳይነሳ ፋይል የሚወጣው እንዴት ነው? ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ በዩኤስቢ ኬብል ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ነው፤ ይህንን ማንኛውም ጠጋኝ ይችለዋል። ሁለተኛውን እኛ መረጥን። ልጁ የጓደኛውን ኮምፒውተር ተጠቅሞ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነፃ ሲስተም አወረደና ሩፈስ በሚባል ፕሮግራም 8 ጊጋ ባይት ፍላሽ ላይ ጫነው። ጥንቃቄ! ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ስለሚጠፋ ባዶ ፍላሽ መሆን አለበት። ፍላሹን ሰክቶ ላፕቶፗን ሲያበራት ማስነሻ መምረጫውን ለማምጣት በብዙዎቹ ዴልና ሌኖቮዎች ላይ ኤፍ 12፣ በኤችፒዎች ላይ ኤፍ 9 ይጫናል። ሚንት ከፍላሹ ላይ ይነሳል፤ ሃርድ ዲስኩን አይነካም። ስክሪኑ ላይ ‹‹ኢንስቶል›› የሚል ምልክት ይኖራል፤ እሱን እንዳትነኩ። እሱን የነካ ሰው ከፎርማት ሸሽቶ በእግሩ ወደ ፎርማት ሄደ ማለት ነው።

በማግስቱ ማታ 3 ሰዓት ላይ ደወሉልኝ። ልጁ ፎልደር በፎልደር እየከፈተ ያነብልኛል። ዩዘርስ፣ ከዚያ የእህቱ ስም፣ ከዚያ ፒክቸርስ። ከዚያ ዝም አለ። ‹‹ምነው?›› ስለው፣ ‹‹ኣቦይ የሚል አለ›› አለኝ። በትግርኛ አባቴ ማለት ነው። እህትየው ከኋላ ‹‹ክፈተው፣ ክፈተው›› ስትል ይሰማኛል። ከፈተው። 214 ፎቶግራፍና 3 የድምፅ ፋይል። በስልክ ያለሁት እኔ ሽማግሌው ከሞባይል ተቀድተው ልጆቻቸውን ሲመርቁ ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ ለትንሽ ደቂቃ ስለ ኮምፒውተር የተነጋገረ የለም።

በዚያው ሌሊት ሁሉም ነገር ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ተቀዳ። አንድ ኮፒ ደግሞ ኲሓ ወዳለችው አክስታቸው እንዲሄድ ተስማማን።

በነገራችን ላይ፣ አንዳንድ ላፕቶፕ ሲነሳ በሰማያዊ ስክሪን ላይ 48 አሃዝ ቁጥር አስገቡ ይላል። ይህ ቢትሎከር የሚባል ቁልፍ ነው፤ ያለ እሱ በሊኑክስም በምንም አይከፈትም። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ላፕቶፑ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጦ ስለሚገኝ ኢሜይላችሁንና የይለፍ ቃላችሁን አትርሱ። የጠያቂያችን ላፕቶፕ ይህ አልነበረባትም።

አሁን ወደ ጥገናው። ከኮፒው በኋላ ፍርሃት ስለሌለ ልጁም ደፈር አለ። ዊንዶውስ 10 ሲነሳ የማብሪያውን ቁልፍ 10 ሰከንድ ያህል ተጭኖ ማጥፋት፣ ይህንንም ደጋግሞ፣ ሦስት ጊዜ ያህል ማድረግ ነው፤ ያኔ ራሱ ‹‹ችግር አለ›› ብሎ የጥገና ገጹን ያመጣል። ከዚያ ‹‹ትራብልሹት››፣ ከዚያ ‹‹አድቫንስድ ኦፕሽንስ››። ‹‹ስታርትአፕ ሪፔር›› የሚለውን ሞክረን አልቻለም። ‹‹አንኢንስቶል አፕዴትስ›› የሚለው ውስጥ ሁለት ምርጫ አለ፤ አንዱ ትንንሹን የየወሩን አፕዴት፣ ሌላው ትልቁን የሥሪት ለውጥ የሚያነሳ ነው። ትልቁን አነሳን። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀባት፤ ከዚያ የድሮ ገጿን ይዛ ተነሳች።

ልጁ ‹‹ታዲያ ለምንድን ነው መጀመሪያውኑ እንዲህ የሆነችው?›› ሲል ጠየቀኝ። መብራቱ አንድ ነገር ነው፤ ሌላም አለ። መቀሌ ላይ ኢንተርኔት ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ተቋርጦ ቀስ በቀስ የተመለሰው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ነው። የዊንዶውስ 10 የቤት ሥሪት አንዱ ቅጂ ድጋፍ የሚያገኘው ለ18 ወር ብቻ ነበር። ይህቺ ላፕቶፕ ላይ ያለው 1909 የሚባለው ቅጂ ስለሆነ ቁም ሣጥን ውስጥ እንዳለች ጊዜው አለፈበት። ከዚያ ወደ መጨረሻው 22ኤች2 መሄድ እንደ ትንሹ አፕዴት አይደለም፤ ሙሉ ሲስተሙን እንደ አዲስ መገንባት ነው። ብዙ ጊጋ ባይት ይወርዳል፣ 20 ጊጋ ባይት ያህል ባዶ ቦታ ይፈልጋል። የእሷን ሲ ድራይቭ ስናይ 4 ጊጋ ባይት ቀርቷታል! ጠጋኞቻችን ሃርድ ዲስኩን ሲከፍሉ ሲን ጠባብ፣ ዲን ሰፊ አድርገው የመክፈል ልማድ አላቸው። ዲ ባዶውን ሲውል ሲ ታንቆ ይሞታል።

ልጁ ራሱን መውቀሱን እንዲተው ያልኩት ይህንን ነገሬው ነው። ደግሞም በፈረንጆች ጃንዋሪ 2024 ማይክሮሶፍት ራሱ ኬቢ 5034441 የሚባል አፕዴት ልኮ፣ የጥገና ክፍልፋያቸው ጠባብ በሆነ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ አልጫንም ብሏል። ባለቤቱ ኩባንያ እንዲህ ከሆነ የመቀሌ ልጅ ምን ያድርግ?

የሚያስቀው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቦታ አስለቅቀን ‹‹እስቲ አሁን አፕዴት ፈልግ›› ስንላት አልገናኝም አለች። ኢንተርኔቱ አለ፣ ስልኩ ይሠራል፣ ላፕቶፗ ግን አንዱንም ገጽ ‹‹አላምነውም›› እያለች ትመልሳለች። ‹‹ከታች በስተቀኝ ያለውን ቀን አንብብልኝ›› አልኩት። ‹‹2018›› አለኝ። ማዘርቦርዱ ላይ ሰዓት የምትጠብቅ የሳንቲም መጠን ያላት ባትሪ አለች፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ሞታለች። ላፕቶፗ በተነቀለች ቁጥር ቀኑ ወደ ፋብሪካው ዘመን ይመለሳል። ልጁ የመጀመሪያ ቀን ከስልኩ አይቶ በፈረንጅ አስገብቶት ነበር፤ አሁን ግን ተቻኩሎ በእኛው አቆጣጠር ሞላው። ድረ ገጾች የሚታመኑበት የምስክር ወረቀት የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። በፈረንጅ 2018 ላይ ነኝ ብላ ለምታስብ ላፕቶፕ የዛሬው ወረቀት ገና አልተወለደም፤ ስለዚህ አትቀበለውም። ቀኑን ሲያስተካክለው ሁሉም ተከፈተ። አፕዴት እምቢ ሲላችሁ ከሁሉ በፊት ቀኑን እዩ፤ ነፃ ነው።

ትልቁን ሥራ ግን በሞባይል ዳታ እንዳይሞክሩት መከርኳቸው። ብሩም ያልቃል፣ መሐል ላይም ይቋረጣል። የዊንዶውስ ማስገቢያውን በፍላሽ ከሌላ ቦታ አውርዶ፣ ዩፒኤስ ያለበት ቢሮ ውስጥ ላፕቶፗን ወስዶ፣ ‹‹ፋይሎቼንና ፕሮግራሞቼን አስቀምጥ›› የሚለውን መርጦ ማስጀመር ነው። እንደዚያው ተደረገ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተጀምሮ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ አለቀ። የሚዞር ሃርድ ዲስክ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ይህን ያህል ይፈጃል፤ ስክሪኑ አንድ ቁጥር ላይ ቢቆም እንኳ የዲስኩ መብራት እየበራች እየጠፋች ከሆነ እየሠራ ነው፣ አትንኩት።

‹‹አዲስ ልግዛ ወይ?›› ብላ ደግሞ ጠይቃኛለች። እውነቱን ለመናገር የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 በኢንቴል በኩል 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ስለሚጠይቅ ለእሷ አይሆንም። 22ኤች2 ላይ ላሉ ግለሰቦች ማይክሮሶፍት እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚዘልቅ ተጨማሪ የደኅንነት አፕዴት አዘጋጅቷል፤ ጠያቂያችን የተመዘገበችው በዚህ ነው። ከዚያ በኋላ በእኔ አስተያየት የፈተና ወረቀት ለምታዘጋጅ መምህርት ያው ሊኑክስ ሚንት ይበቃታል፤ ልጁም ለምዶታል። ገንዘቡን አዲስ ላፕቶፕ ላይ ከማዋል አዲስ ባትሪና ኤስኤስዲ የሚባለውን የማይዞር ዲስክ ላይ ብታውለው እመርጣለሁ።

‹‹እኔ ግን ምክሩ ሳይደርሰኝ ፎርማት አስደርጌ ጨርሻለሁ›› የምትሉ ትኖራላችሁ። በሚዞር ሃርድ ዲስክ ላይ ፈጣኑ ፎርማት ማውጫውን ነው የሚያጠፋው፤ ፎቶዎቹ አዲስ ነገር እስኪጻፍባቸው ድረስ እዚያው ተኝተው ይቆያሉ። በላፕቶፑ መጠቀም አሁኑኑ አቁሙ፤ ፊልም አትጫኑበት፣ ምንም አታውርዱበት። ዲስኩን አስፈትታችሁ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አስገናኙና ፎቶሬክ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አስነሱበት። የፋይሎቹ ስም ይጠፋል፣ የሚያወጣቸውንም ወደ ሌላ ዲስክ ነው ማስቀመጥ ያለባችሁ፤ አዲስ ዊንዶውስ የተጫነበት ቦታ ላይ የነበረው ደግሞ አይመለስም። የተረፈው ግን ይወጣል።