ባለሙያ ባይኖርም ልጅ መሞከሪያ አይደለም

የንግግር ሐኪም በሌለበት እንደ ወረታ ባለ ከተማ የሙያ ሥነ ምግባር ቅንጦት ነው፣ የሚንተባተብ ልጅ የተገኘው ሁሉ ይሞከርለት የሚል አስተያየት ታትሞ አነበብሁ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሐኪም ማማረጥ የሚችል ቤተሰብ ስህተቱን ሌላ ዘንድ ሄዶ ያርማል። የሩዝ ማሳውን ትቶ ከፎገራ ሜዳ የመጣ ገበሬ ግን የተነገረውን አምኖ ይመለሳል።

ሙከራ አይጎዳም? እ.ኤ.አ. በ1841 በርሊን ላይ ዝነኛው ቀዶ ሐኪም ዲፈንባክ መንተባተብን አድናለሁ ብሎ ምላስ ቆረጠ፤ ዘዴው ተጣለ። በ1939 አሜሪካ አዮዋ ውስጥ በንግግር ተመራማሪው ዌንደል ጆንሰን መሪነት፣ አጥርተው የሚናገሩ ወላጅ አልባ ሕፃናት ጭምር «ትንተባተባላችሁ» ተባሉ፤ አንዳንዶቹ መናገር ፈሩ። የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ በ2001 ይቅርታ ጠየቀ።

የአስተያየቱ ጸሐፊ የዘነጉት ሌላም አለ፤ በሕፃንነት የሚጀምር መንተባተብ በአብዛኞቹ ልጆች ላይ በራሱ ይለቃል። ስለዚህ መንተባተብን አድናለሁ ብሎ እንጥል የሚቆርጠውም ምስጋናውን ይወስዳል፤ ደም መፍሰሱና ቁስሉ ግን ለልጁ ይተርፋል።

ወረታ ላይ ዛሬውኑ የሚቻል ሥራ አለ፦ የልጁን ጆሮ መመርመር፣ ችግሩ መቼ እንደጀመረ እናቱን መጠየቅ፣ ልጁን ሳያቋርጡ ማድመጥ፣ ካልለቀቀው ወደ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር መላክ። ያልተማሩትን ሕክምና «አላውቀውም» ማለትም ከሥራው አንዱ ነው።