ዝናቡን ለእኛ ተዉት፣ መንገዱን አስተካክሉልን

አምባሰል ሲባል አብዛኛው ሰው ትዝ የሚለው ቅኝቱ ነው። ለእኔ ግን አምባሰል የአየር ትንበያዬ ነው። እኩለ ቀን ላይ ከሐይቅ ከተማ ሆኜ ወደ ሰሜን ቀና ስል የተራሮቹ ጫፍ በጥቁር ደመና ከተሸፈነ፣ ግማሽ ሰዓት ቢሰጠኝ ነው። መጀመሪያ ነፋሱ ይመጣል። ነፋሱን ተከትሎ ዝናቡ። እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት ሳይክል ላይ ነኝ።

የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። እጽፋለሁ፤ መጻፍ ግን የቤት ኪራይ አይከፍልም። ስለዚህ ከከተማዋ 9 ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ባለ መጋዘን የገቢና ወጪ ዕቃ ሂሳብ እይዛለሁ። ፈረቃዬ ከሰዓት ነው፤ ልክ 8 ሰዓት ላይ መፈረም አለብኝ። ሳይክል ልገዛ ነው ስል ዘመድ ሁሉ ሳቀብኝ። «ዲግሪ ይዘህ በሳይክል?» አሉ። እኔም ሂሳቡን ቁጭ ብዬ ሠራሁት።

ደሞዜ 7,200 ብር ነው። ባጃጅ ለአንድ ጉዞ 40 ብር ነው፤ ደርሶ መልስ 80። በወር 24 ቀን ስሠራ 1,920 ብር ይሆናል። ከደሞዜ ሩብ በላይ ገና ሥራ ቦታ ሳልደርስ ያልቃል ማለት ነው። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ታሪፉ እጥፍ ይሆናል። ያገለገለ ሳይክል በ9,000 ብር ገዛሁ። ለጎማ ማስጠገኛና ለፍሬን ጎማ በወር 200 ብር ብንይዝለት እንኳ በአምስት ወር ከምናምን ዋጋውን መለሰ። ይህን ያህል ቶሎ የሚመልስ ሌላ ኢንቨስትመንት ካወቃችሁ ንገሩኝ።

በባጃጅ ሾፌሮቹ አልፈርድም። በሐምሌ 2014 አዲስ አበባ ላይ የአንድ ሊትር ቤንዚን ይፋ ዋጋ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። በሁለት ዓመት ተኩል ከእጥፍ በላይ! ይሄ እንግዲህ ማደያ ላይ የተለጠፈው ዋጋ ነው፤ ቤንዚን በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚገዛ ሰው ሌላ ሂሳብ ነው ያለው። ሾፌሩ የጨመረበትን እኔ ላይ ይጨምራል። እኔ ግን የምጨምርበት ሰው የለኝም። ስለዚህ እግሬን እጨምራለሁ።

ወደ ዝናቡ ልመለስ። ባለፈው ሐምሌ አንድ ቀን አምባሰል ጠቁሯል። አየሁት። ቆሜ አሰብኩ። መሥሪያ ቤታችን አንድ ሕግ አለው፦ ከ15 ደቂቃ በላይ ያረፈደ የግማሽ ቀን ደሞዝ ይቆረጥበታል። የእኔ 150 ብር ነው። ባጃጅ ፈለግኩ፤ የለም። ዝናብ ሲመጣ ባጃጅ የት እንደሚገባ አላህ ይወቀው። ስልኬን በፌስታል ጠቅልዬ ወጣሁ።

ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድኩ ነፋሱ ከፊት ለፊት ያዘኝ። ሳይክል ነድቶ የማያውቅ ሰው ነፋስ ቀልድ ይመስለዋል። የአየር ግፊት በፍጥነት ልክ አይደለም የሚጨምረው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እየሄድክ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣብህ፣ አየሩ የሚገፋህ ነፋስ በሌለበት ቀን ከሚገፋህ አራት እጥፍ ነው። ሽቅብ የምትወጣ ይመስልሃል፤ መንገዱ ግን ሜዳ ነው።

ዝናቡ ሲጨመር ፍሬኑ ከዳኝ። የእኔ ዓይነት አሮጌ ሳይክል ቸርኬው ብረት ነው፤ ብረት ሲረጥብ የፍሬኑ ጎማ ይንሸራተትበታል፤ ጨብጠህ ይዘኸውም ሳይክሉ ይሄዳል። ይህን ስለማውቅ ቀስ ብዬ የአስፋልቱን ዳር ይዣለሁ። ከኋላዬ ተሳቢ መኪና መጣ። ይህ መንገድ ደሴን ከወልድያ የሚያገናኘው ዋናው መንገድ ነው፤ ከባድ መኪና አያጣውም። አልነካኝም፤ ግን ተጠግቶ ሲያልፍ መጀመሪያ ነፋሱ ወደ ውጭ ገፋኝ፣ ቀጥሎ ወደ ራሱ ሳበኝ፣ ጎማው ያነሳው ውሃ ደግሞ ዓይኔን ሸፈነው። መሪውን ወደ ዳር ሳዞር ዳር የሚባል ነገር የለም። አስፋልቱ አንድ ክንድ በሚሆን ስብራት ያልቃል፤ ከሥሩ በደለል የተሞላ ቦይ አለ፤ ቦዩ ስለተሞላ ጎርፉ በአስፋልቱ ላይ ነው የሚሄደው። ወደቅኩ።

ጉልበቴ ተላጠ እንጂ አልተሰበርኩም፤ አልሐምዱሊላህ። አንዲት ቡና የሚሸጡ እናት ከዳሷቸው ወጥተው ጠሩኝ። «አብሽር ልጄ፣ ና ግባ! መብረቅ እያለ የምን ሩጫ ነው?» አሉኝ። «ሥራ ይረፍድብኛል» አልኳቸው። ቡና ቀዱልኝና «ሥራው ነገም አለ፤ አንተ ካለህ» አሉ። ሩብ ሰዓት ተቀመጥኩ። ዝናቡ አባራ። 25 ደቂቃ አርፍጄ ገባሁ። 150 ብሬ ተቆረጠ።

ማታ ተኝቼ ያሰብኩት ስለ ጉልበቴ አይደለም። ስለዚያ 150 ብር ነው። ቅጣቱ የወጣው ሰው ሰዓት እንዲያከብር ነው። በተግባር ግን ምን አደረገ? መብረቅ በሚያበራበት ሰዓት፣ ፍሬን በማይዝበት መንገድ ላይ እንድወጣ ከፈለኝ። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፍ ነው፤ ትንሽ ብቆይ ኖሮ በእርጥብ መንገድ ግን በሰላም እሄድ ነበር። ክፍል ውስጥ ማበረታቻ ሰውን ይመራል ብለው ሲያስተምሩን ይሄንን አልነገሩንም፦ በደቂቃ የሚቆጠር ደሞዝ ያለው ሰው የአውሎ ነፋሱን ዋጋ ብቻውን ይከፍላል። መኪና ያለው አለቃ በዚያው ዝናብ አርፍዶ ሲገባ «ዝናብ ይዞኝ ነው» ይላል፤ ይታለፋል።

«አገራችን ለሳይክል አትመችም፤ ክረምቱም ዳገቱም» የሚሉ አሉ። ስለ ዳገቱ ግማሽ እውነት አላቸው። ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው፤ በየቀኑ በሳይክል ውጡ አልልም። ሐይቅና ዙሪያዋ ግን ሜዳ ይበዛዋል። ስለ ክረምቱ ደግሞ ባሕር ዳርን እዩ፤ ክረምቷ ከእኛ አይተናነስም፣ በሳይክል ግን የታወቀች ናት። ኔዘርላንዶች ጭራሽ ነፋስን ፊት ለፊት የመንዳት ውድድር አላቸው፤ ማዕበል ሲመጣ ጠብቀው፣ ማርሽ በሌለው ተራ ሳይክል፣ ባሕር ላይ በተሠራ ግድብ ይሽቀዳደማሉ። እኛ የምንፈራውን እነሱ የሚጫወቱበት እግራቸው ከእኛ ስለበለጠ አይደለም። አጠገባቸው ተሳቢ መኪና ስለሌለ ነው። ነፋስ ይገፋሃል እንጂ አይገድልህም፤ የሚገድልህ ከነፋሱ ጋር የሚመጣው መኪና ነው።

ወረቀት ላይ እኛም አልቦዘንንም። የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ይፋ ያደረገው የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ በ69 ከተሞች ከ430 ኪሎ ሜትር በላይ የእግረኛና 300 ኪሎ ሜትር የብስክሌት መንገድ ለመሥራት ያቅዳል፤ እስከ 2029 እንደ ፈረንጆች። 300ን ለ69 ስናካፍለው ለአንድ ከተማ ከአራት ኪሎ ሜትር ትንሽ በለጥ ያለ ይደርሳል። ጥሩ ጅምር ነው። ግን የእኔ ዓይነቱ ሳይክል ነጂ ቀኑን የሚያሳልፈው ከተማ ውስጥ ሳይሆን በከተማና በገጠር መካከል ባለው አስፋልት ላይ ነው። ወተት የጫነው፣ ተማሪው፣ የቀን ሠራተኛው ሁሉ እዚያ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ቀለም የተቀባ ባለ መብራት የሳይክል መንገድ አይደለም። አንደኛ፣ ሰኔ ሳይገባ ቦዮቹ ይጠረጉ፤ ጎርፉ በቦዩ ይሂድ። የመንገዱ ዳር ስብራትም በጠጠር ይሞላ፤ አንድ ሜትር ደልዳላ ዳር ለእግረኛም ለሳይክልም ይበቃል። ይሄ የብዙ ሚሊዮን ብር ፕሮጀክት ሳይሆን ጥገና ነው። ሁለተኛ፣ ቀጣሪዎች፣ በሐምሌና በነሐሴ መብረቅና አውሎ ነፋስ ባለበት ቀን ግማሽ ሰዓት ፍቀዱ፤ ማታ ግማሽ ሰዓት ቆይተን እንከፍላችኋለን። አታጡም። ሦስተኛ፣ ሾፌር ወንድሞቻችን፣ ስታልፉን ራቅ በሉ፤ መራቅ ካልተቻለ ፍጥነት ቀንሱ።

እኛም ድርሻ አለን። ፓራፋንጎ የሌለው ሳይክል በክረምት ጭቃውን ጀርባችሁ ላይ ይጽፈዋል፤ አስገጥሙ። የፍሬኑን ጎማ ከሰኔ በፊት ቀይሩ። ማታ የምትመለሱ የኋላ አንጸባራቂ አይለያችሁ። መብረቅ ሲጀምር ለብቻው የቆመ ዛፍ ሥር አትጠጉ፤ ቤት ፈልጋችሁ ግቡ። ይህን ሁሉ ግን ማድረግ የሚችለው ለመቆም ጊዜ የተሰጠው ሰው ነው።

ታናሽ እህቴ ሳይክሌን ልትወስድ ትፈልጋለች። ጎረቤት ምን ይላል የሚለው እሷን አያስጨንቃትም፤ እናቴንም አሁን አሁን ብዙም አያስጨንቃት። እናቴን የሚያስጨንቃት ያ ተሰብሮ የቀረው የአስፋልት ዳር ነው። እኔም እስካሁን እሺ አላልኩም።

ይህን ስጽፍ 6 ሰዓት ተኩል ነው። በመስኮት አያለሁ፤ አምባሰል ጠቁሯል። ዛሬ አልቸኩልም። 150 ብር ከተቆረጠም ይቆረጥ፤ ዝናቡ ሲያባራ እወጣለሁ። ሁሉም ሰው ግን እንዲህ ማለት አይችልም፤ እኔም በየቀኑ አልችልም።