የስንዴ ዋጋ አዝማሚያና የገበሬው የወቅት ዕውቀት

የዋጋን አዝማሚያ ተከትሎ የመግዛትና የመሸጥ ስልት በአብዛኛው የሚነሳው ከውጭ ምንዛሪና ከአክሲዮን ጋር ተያይዞ ነው። ይሁን እንጂ ከታወቁት የስልቱ ዓይነቶች አንዱ፣ በተንቀሳቃሽ አማካይ ቻናል ላይ የተመሠረተው፣ ከእህል ገበያ ጋር የቆየ ዝምድና አለው። አሜሪካዊው የእህል ነጋዴ ቼስተር ኬልትነር በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የአሥር ቀን አማካይ ዋጋን መነሻ አድርጎ የላይና የታች ወሰን አበጅቶለታል። ስለዚህ ስልቱን በሀዲያ የስንዴ ገበያ ላይ መፈተን እንግዳ ነገር አይደለም። ጥያቄው ፈተናው በምን ይመዘን የሚለው ነው። በዚህ ጸሐፊ አመለካከት፣ ስልቱ ሊበልጠው የሚገባው ተፎካካሪ ገበሬው ቀድሞ የያዘው የወቅት ዕውቀት ነው።

ደንቡ ቀላል ነው። ያለፉት አሥር የገበያ ሳምንታት ከፍተኛ ዋጋዎች አማካይ የላይኛውን ወሰን፣ የዝቅተኛ ዋጋዎቹ አማካይ የታችኛውን ወሰን ይሰጣሉ። ዋጋው ከላይኛው ወሰን ሲያልፍ እህሉን መግዛት ወይም ይዞ መቆየት፣ ከታችኛው በታች ሲወርድ መሸጥ፣ በመካከል ሲሆን ያለውን አቋም አለመለወጥ ነው። የቻናሉ ጥቅም ጥቃቅን መዋዠቅን አዝማሚያ ነው ብሎ አለመሳቱ ነው። ጉዳቱ ደግሞ መዘግየቱ ነው። የአሥር ሳምንት ቀላል አማካይ ከዋጋው በአራት ሳምንት ተኩል፣ የሃያ ሳምንቱ በዘጠኝ ሳምንት ተኩል ገደማ ወደ ኋላ ይቀራል።

በየቀኑ በሚገበያይ የዓለም ገበያ ይህ መዘግየት ረጅም አዝማሚያ ሲገኝ ይካካሳል። በሆሳዕና ዙሪያ ግን የስንዴ ዋጋ ዋነኛ እንቅስቃሴ በዓመቱ ውስጥ የተወሰነ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ምርት ሲሰበሰብ ይረክሳል፤ ጎተራ ሲራቆት፣ በክረምቱ ወራት ይወደዳል። ይህን ለማወቅ ቻናል አያስፈልግም። በሀቢቾም ሆነ በሌላ የሀዲያ ቀበሌ የሚኖር ገበሬ ያውቀዋል። ስለዚህ ስልቱ አተረፈ የሚል ጥናት፣ በጥር ገዝቶ በሐምሌ ከመሸጥ ምን ያህል እንደበለጠ ካላሳየ ያረጋገጠው ነገር ወቅት መኖሩን ብቻ ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ ወጪ ነው። ለማስረዳት ያህል ቁጥሮችን እናስብ። አንድ ኩንታል በ6,000 ብር ተገዝቶ ከአምስት ወር በኋላ ደንቡ ባመለከተው ጊዜ በ6,600 ብር ተሸጠ እንበል። በሠንጠረዥ ላይ አሥር በመቶ ትርፍ ይታያል። ለማጓጓዣ፣ ለጫኝና አውራጅ፣ ለጆንያና ለማከማቻ 250 ብር ቢወጣ፣ ነቀዝና ድርቀት ከክብደቱ ሦስት በመቶ ማለትም 198 ብር ቢቀንሱ፣ የቀረው 152 ብር ነው። ገንዘቡ በዓመት 15 በመቶ ወለድ የተበደሩት ከሆነ የአምስት ወሩ ወለድ 375 ብር ነውና ውጤቱ የ223 ብር ኪሳራ ይሆናል።

ታዲያ ቻናሉ ከንቱ ነውን? አይደለም። የሚጠቅመው የወቅት ዕውቀት በሚሳሳትበት ዓመት ነው። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ እንደሆነው ስንዴ ከውጭ በብዛት ሲገባ፣ ወይም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. እንደታወጀው የምንዛሪ ለውጥ ያለ የፖሊሲ እርምጃ ሲወሰድ፣ ዋጋ ወቅቱን ሳይጠብቅ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ወቅቱ «ጠብቅ» ሲል ዋጋው ከታችኛው ወሰን በታች ከወረደ፣ ደንቡ «ውጣ» ይላል። እንግዲህ ቻናሉን እንደ ትርፍ ማግኛ ከማየት ይልቅ እንደ ኪሳራ መገደቢያ ማየት ይሻላል። የጥናቱም ጥያቄ በዚሁ መሠረት መቀረጽ አለበት።

ይሁንና መውጫውን ማወቅ የሚጠቅመው መቆየት ለሚችል ሰው ነው። በጥር የሚሸጥ ገበሬ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ዋጋ እንደሚወደድ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ዕዳ፣ ግብርና የልጆች ወጪ ስለሚያስገድዱት ነው። በአንጻሩ በቂ እንሰት ያለው ቤተሰብ ቆጮ እየበላ ስንዴውን ሊያቆይ ይችላል። የመጋዘን ደረሰኝ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 372/1996 እህልን አስይዞ ለመበደር በር የከፈተ ሲሆን፣ ይህ አሠራር እስከ ገጠር ገበያ ሲደርስ ደንቡ ለአነስተኛ ገበሬም ትርጉም ይኖረዋል። እስከዚያው የሚጠቀምበት ነጋዴው ብቻ እንዳይሆን ያሰጋል።

የመጨረሻው ጉዳይ መረጃ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ስንዴ ከምርቶቹ አንዱ የነበረ ቢሆንም የግብይቱ ዋና አካል የሆኑት ቡናና ሰሊጥ ናቸው። የወር አማካይ ዋጋ ደግሞ ለቻናል አይበቃም፤ ወሰኖቹ የሚሠሩባቸው ከፍተኛና ዝቅተኛ ዋጋዎች በአማካዩ ውስጥ ጠፍተዋልና። ስለዚህ ሆሳዕና የሚገኘው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲና የአካባቢው ተመራማሪዎች፣ በሆሳዕና፣ በዱራሜና በሾኔ የገበያ ቀናት የስንዴን ከፍተኛና ዝቅተኛ ዋጋ ከጥራት ደረጃው ጋር በየሳምንቱ የሚመዘግብ ቋሚ መዝገብ ቢጀምሩ መልካም ነው። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ከአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ዕድሜ የሚዘልቅ ቅብብል ነው። ያ መዝገብ እስኪኖር ድረስ በሌላ አገር ዋጋ ተፈትኖ የተደነቀ ስልት ለገበሬው ምክር ሆኖ ሊቀርብ አይገባም።