ሽማግሌዎቹ ቦሌ ቀሩ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ ሆዴን በላው። ጸሐፊው የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የወደዳት ልጅ ደግሞ የጅማ፣ ያውም የመንደራ ቆጪ ልጅ ናት። ሽማግሌ ይላክ ተባለ። «አውቶቡስ አዛውንቶቹን ያደክምብኛል» ብሎ ለሦስቱም የአውሮፕላን ትኬት ቆረጠ። ትኬቱ 07:00 ይላል። እነሱ ሆዬ ሰባት ሰዓት ብለው አነበቡታ! ነጭ ለብሰው፣ ጋቢያቸውን ደርበው ቦሌ ሲደርሱ ከረፋዱ 5 ሰዓት ሆኗል። አውሮፕላኑ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ በሯል።

ጅማ ቡናው ተፈልቶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ አባት በር በሩን ሲያዩ ዋሉ። ማታ ልጅቷ ደወለች። «የአንድ ሰዓት መንገድ እኮ ነው! አባባ ንቀውናል ብለዋል» አለችና ስልኩን ዘጋችው። ልጁ «ልለምን ወይስ ልተወው?» ይለኛል።

ይቺ «የአንድ ሰዓት መንገድ» የምትባል ነገር ስንቱን አጣላች! ከቦሌ እስከ ጅማው አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ በአየር 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ግን በወሊሶ፣ በወልቂጤ አልፎ፣ ጊቤን ወርዶ ወጥቶ 350 ይጠጋል። ኪው 400 የሚባለው ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚበር፣ በስሌት ብቻ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። መንደርደሩ፣ መውጣት መውረዱ ሲጨመር አንድ ሰዓት ገደማ ይሆናል። ታክሲው፣ ፍተሻው፣ ሻንጣ ጥበቃውስ? ከቤት እስከ ቤት አራት አምስት ሰዓት ያዙ። ቤተሰቧ አጋሮ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሌላ 45 ኪሎ ሜትር የመኪና መንገድ ነበረ።

በስኮትላንድ የኦርክኒ ደሴቶች ዌስትሬይና ፓፓ ዌስትሬይ በሚባሉ ሁለት ትንንሽ ደሴቶች መካከል 2.7 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚበር አውሮፕላን አለ። በሰሌዳው 2 ደቂቃ ነው፤ በ53 ሰከንድ የደረሰበትም ጊዜ አለ። እዚያም ቢሆን ሰዓቱን ያላወቀ ይቀራል!

እናማ ወንድሜ፣ አትተዋት። ሽማግሌ ተመላልሶ መለመኑ ወግ ነው። አንተ ግን አትደውል፤ ከሦስቱ ትልቁ ራሳቸው ለአባቷ ይደውሉ፣ የሆነውንም ሳይደብቁ ይንገሯቸው። ትኬቱንም ያንብቡላቸው፤ ማን ያውቃል፣ አባቷም ሰባት ሰዓት ብለው ያነቡት ይሆናል። ቀጠሮው ሲታደስ ደግሞ በዋዜማው ይሂዱና ጅማ ይደሩ። የቀን በረራ ከሆነ ትኬቱ ላይ ካለው ሰዓት 6 ቀንስና በእስክሪብቶ፣ በትልቁ፣ በሐበሻ ሰዓት ጻፍላቸው። 13:00 ካለ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው።

ልጅቷም ብታነብ፣ አንድ ቀን ስልኩን አንሺለት።