በጉ የተላከው ለሰውየው ነው ወይስ ለወንበሩ?

መስቀል ሲደርስ ጉራጌ አገር ባዶ እጁን የሚገባ የለም። ከመርካቶም ሆነ ከሌላ ቦታ የሚመጣው ለእናቱ ሻሽ፣ ለአባቱ ጋቢ ይይዛል፤ ሰንጋው ይታረዳል፣ ክትፎው ይቀርባል። ይህን የሚነቅፍ ካለ እኔ አይደለሁም። የኔ ጥያቄ በዚያው ሰሞን በከተማው ሹም ግቢ ስለሚታሰረው ሙክት ነው። ሰውየው የመሬት ጉዳይ ኃላፊ ከመሆኑ በፊት ማን ሙክት ያስርለት ነበር? ከወንበሩ ሲነሳስ ማን ያስታውሰዋል? ወልቂጤም ይሁን ቡታጅራ መልሱ የሚጠፋው ሰው የለም።

ነገሩን ያድበሰበሰው ቋንቋችን ራሱ ነው መሰለኝ። ለመኳንንት የሚቀርበው “እጅ መንሻ” ነበር። ደጅ ጠኚው ይዞ የሚሄደው “መተያያ” ይባላል። መጽሐፍ ቅዱስ “መማለጃ” ሲለው ሕጉ “ጉቦ” ይለዋል። ዛሬ ደግሞ “የሻይ” ሆኗል። ስሙ በተለወጠ ቁጥር ነውሩ እየቀለለ ሄደ። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” ብለን የተረትነው እኛው አይደለንም እንዴ? ሲሾም በልቶ ሲሻር የተቆጨ ግን እስካሁን አላየሁም!

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉ ሞልቷል። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ጉቦን ይቀጣ ነበር። የፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. ተቋቋመ። ሹማምንት ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ የሚያዘው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 668 በ2002 ወጣ። የተመዘገበው ለሕዝብ ክፍት ነው ይላል፤ ስንቱ ጠይቆ አየ? በ2007 የወጣው አዋጅ ቁጥር 881 ከጉቦ አልፎ የማይገባ ጥቅም መቀበልንም ወንጀል አድርጎታል። በኅዳር 2015 ደግሞ ብሔራዊ የፀረ ሙስና ኮሚቴ ተሰየመ። ኮሚቴስ አላጣንም! ያጣነው በጉ ከስጦታነት ወደ ጉቦነት የሚሻገርበትን መስመር በቁጥር ጽፎ የሚያሳየን ነው።

አሜሪካኖቹ ቁጥር አላቸው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ በመርህ ደረጃ ከአንድ ባለጉዳይ በአንድ ጊዜ ከ20 ዶላር፣ በዓመት ደግሞ ከ50 ዶላር በላይ ዋጋ ያለው ስጦታ አይቀበልም፤ ጥሬ ገንዘብማ ጭራሽ አይታሰብም። 20 ዶላር ሲባል ያስቃል። ነገር ግን የቁጥሩ ትልቁ ጥቅም ለሐቀኛው ሠራተኛ ነው። በኛ አገር ጨዋውን ሰው የሚጥለው ይሉኝታ ነው፤ የአባቱ ወዳጅ በግ ጎትቶ ሲመጣ “ውሰዱልኝ” ማለት ስድብ ይሆንበታል። በሩ ላይ የተለጠፈ ደንብ ካለ ግን “ጋሼ ይቅርታ፣ እኔ ሳልሆን ደንቡ ነው” ብሎ በሰላም ይሸኛቸዋል።

የበለጠ የሚከብደው ዝምድናው ነው። በነዚህ ከተሞች የጨረታ ኮሚቴው አባልና ተጫራቹ አንድ ዕቁብ ሊጥሉ፣ በአንድ ዕድር ሊቀባበሩ ይችላሉ። ታዲያ ሹም ዘመድ አይኑረው? ይኑረው እንጂ! የዘመዱ ፋይል ጠረጴዛው ላይ ሲመጣ ግን “ይህ ጉዳይ ይነካኛል” ብሎ ከስብሰባው ይውጣ፤ መውጣቱም በቃለ ጉባኤ ይስፈር። ይህ በጀት አይጠይቅም፤ የውጭ አማካሪም አያሻም። የጆካን ቅጫና የጎርደናን ሴራ ይዞ የኖረ ሕዝብ ደግሞ ደንብ አዲስ ነገር አይሆንበትም።

ለምን አሁን? በ2015 ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነች። አዲስ ዞን ማለት አዲስ ወንበር፣ አዲስ ማኅተም፣ አዲስ ጨረታ ነው። ልማዱ የሚያዘው በዚህ ጊዜ ነው።

“አንድ በግ ማንን ጎዳ?” የሚሉኝ አሉ። ፋይሎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረዋል እኮ! የባለበጉ ወደ ላይ ሲወጣ የሌላ ሰው ወደ ታች መውረዱ ነው። ያ ሌላ ሰው የቤቷን ካርታ የምትጠብቅ ባልቴት ትሆናለች፤ ወይም ተደራጅቶ የመሥሪያ ሸድ የሚለምን ወጣት። እነሱ የሚያስሩት ሙክት ስለሌላቸው “ነገ ተመለሱ” ይባላሉ።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ሁለቱ ማዘጋጃ ቤቶች ከመስከረም 17 በፊት ሠራተኛ ስንት ብር የሚያወጣ ስጦታ ድረስ መቀበል እንደሚችል፣ ከዚያ ያለፈው የት እንደሚመዘገብ በአንድ ወረቀት ጽፈው በራቸው ላይ ይለጥፉ። የሙጫውን እኔ እከፍላለሁ።